በእንጦጦ ግርጌ የሚወርድ ወንዝ መበከሉን በውስጡ ከሚኖሩ ትናንሽ እንስሳት እንዴት ማወቅ ይቻላል?

እንደ ቀበና ያሉ ከእንጦጦ ተራራ የሚነሱ ወንዞች ከባሕር ዛፉ ሥር ጠርተው ወጥተው መንደር ሲገቡ እንደሚደፈርሱ የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ ያውቃል። ይሁን እንጂ ወንዙ ምን ያህል እንደተጎዳ በዓይን ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ የኬሚካል ምርመራም ቢሆን የሚናገረው ናሙናው ስለተቀዳበት ሰዓት ብቻ ነው። ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ ሲነጋ አልፎ ሊሄድ ይችላል። በድንጋይ ሥር የሚኖሩ የነፍሳት እጮች፣ ትሎችና ቀንድ አውጣዎች ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት ከውሃው ስለማይወጡ፣ ማን እንደተረፈና ማን እንደጠፋ በማየት ወንዙ በቅርቡ ያሳለፈውን መረዳት ይቻላል።

በመጀመሪያ በአንድ ወንዝ ላይ ሁለት ቦታዎችን ይምረጡ፤ አንዱ ከመኖሪያ ቤቶች ሁሉ በላይ፣ ሌላው ከመንደሩ በታች መሆን አለበት። ሁለቱም ድንጋያማና ውሃው ፈጠን ብሎ የሚወርድባቸው ይሁኑ፤ የላይኛው ድንጋያማ፣ የታችኛው ጭቃማ ከሆነ ልዩነቱ ከብክለቱ ይምጣ ከወለሉ መለየት ያስቸግራል። የክረምት ጎርፍ እንስሳቱን ጠርጎ ስለሚወስድ ውሃው ከተረጋጋበት ከኅዳር ወር ጀምሮ መሥራት ይመረጣል፤ ሁለቱንም ቦታ በአንድ ቀን ማዳረስም ያስፈልጋል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ እጀታ ያለው ወንፊት ወይም በሽቦ ላይ የተወጠረ የአጎበር ጨርቅ፣ ነጭ ሳፋ፣ ማንኪያ፣ አጉሊ መነጽር፣ ቦቲ ጫማና ረጅም የጎማ ጓንት። ጓንቱን ፈጽሞ አይተዉት፤ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ወደ ወንዞቻችን ስለሚገባ ቁስል ያለበት እጅ መንከር የለበትም፤ ሲጨርሱም በሳሙና ይታጠቡ።

ወንፊቱን ከእግርዎ በታች፣ ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ ይያዙና ድንጋዮቹን በእግርዎ እየነቀነቁ፣ አንዳንዱንም እያነሡ በእጅዎ እየፈተጉ፣ የሚለቀቀው ሁሉ ወደ ወንፊቱ እንዲገባ ያድርጉ። በዳር ያለውን ሣርም በወንፊቱ ይጥረጉ። በሁለቱም ቦታ እኩል አምስት ደቂቃ ይበቃል። የተያዘውን ንጹሕ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ገልብጠው በትዕግሥት ይጠብቁ፤ መጀመሪያ ቅጠልና አሸዋ ብቻ የመሰለው ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ከሁሉ በላይ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ሜይፍላይ የሚባለው ነፍሳት እጭ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ጭራዎች ያሉት ሲሆን በሆዱ ግራና ቀኝ ቅጠል የመሰሉ ስንጥቦች ይደረደራሉ፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ስንጥቦቹን ሲያርገበግብ ይታያል። ኦክስጅን የሚስበው በእነዚህ ስለሆነ፣ ቆሻሻ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን በሚጨርስበት ቦታ ብዙዎቹ ዝርያዎች ሊቆዩ አይችሉም። ካዲስፍላይ የሚባለው እጭም በአብዛኛው ንጹሕ ውሃ ይወዳል፤ አንዳንዱ ከአፉ በሚያወጣው ሐር የአሸዋ ቅንጣት አያይዞ ቤት ይሠራል። በተቃራኒው ደም የመሰሉ ቀያይ የዝንብ እጮች በደማቸው ባለው ኦክስጅን ያዥ ሄሞግሎቢን አማካይነት ኦክስጅን በጠፋበት ጭቃ ውስጥ ይኖራሉ። ከታች እነርሱ ብቻ ከቀሩ ምክንያቱን መጠርጠር አያስቸግርም።

ነጥብ ለመስጠት በደቡብ አፍሪካ ለተራ ዜጎች የተዘጋጀው ሚኒ ሳስ የተባለው ዘዴ ቀላል ነው። በዚህ ዘዴ ስቶንፍላይ የሚባለው ሌላው የነፍሳት እጭ 17፣ ዓሣ መሳይ ከሆኑት ትናንሾች ውጭ ያሉ ሜይፍላዮች 11፣ ካዲስፍላይ 9፣ ሸርጣን 6፣ የውሃ ተርብ እጭ 6፣ ቀጫጭኖቹ የውሃ ተርብ ዘመዶች 4፣ ጢንዚዛና ትኋን መሳይ ነፍሳት 5፣ ዓሣ መሳይ ሜይፍላዮች 5፣ ቀንድ አውጣ 4፣ ጠፍጣፋ ትል 3፣ አልቅት፣ ሌሎች ትሎችና የዝንብ እጮች እያንዳንዳቸው 2 ያገኛሉ። የሚቆጠረው የእንስሳቱ ብዛት ሳይሆን የተገኘው ዓይነት ነው፤ ድምሩ ለዓይነቶቹ ቁጥር ይካፈላል። ለምሳሌ ከላይ 11፣ 9፣ 6፣ 6 እና 5 ቢገኝ አማካዩ 7.4 ይሆናል፤ ከታች አልቅት፣ ትል፣ የዝንብ እጭና ቀንድ አውጣ ብቻ ቢገኙ 2.5 ይሆናል።

የዚህ ዘዴ የደረጃ ወሰኖች ለደቡብ አፍሪካ ወንዞች የተቀመጡ በመሆናቸው፣ በእኔ አስተያየት አንዱን ቁጥር ብቻ ይዞ ወንዙን ንጹሕ ወይም ቆሻሻ ብሎ መፈረጅ አይገባም፤ ዋናው ነገር በላይኛውና በታችኛው ቦታ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ለኢትዮጵያ ደጋማ ወንዞች የተዘጋጀው ኢትባዮስ የተባለው የነጥብ አሰጣጥ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል፤ ነገር ግን እንስሳቱን እስከ ቤተሰብ ደረጃ (በሳይንሳዊ ምደባ የዘመዳሞች ቡድን) መለየት ስለሚጠይቅ በባለሙያ እገዛ ቢሠራበት ይሻላል።

ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና የተገኙትን ዓይነቶች ከመዘገቡ በኋላ እንስሳቱን ወደ ወጡበት ውሃ ይመልሱ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ቦታ መርጠው ይድገሙት፤ ነጥቡ እዚያም ዝቅ ካለ መንስኤውን ከዚያ በላይ፣ ካልቀነሰ ደግሞ ከዚያ በታች ይፈልጉ፤ በዚህ መንገድ ርቀቱን እያጠበቡ ፍሳሹ ወደሚገባበት ቱቦ ወይም ቦይ መድረስ ይቻላል።