«ልጅሽ ነፃ ነው» ከተባልሽ በኋላ

ኤችአይቪ በደምሽ እያለ፣ መድኃኒትሽን እየወሰድሽ ለወለድሽ እናት ነው የምጽፈው። በ6 ሳምንቱ ከተረከዙ ደም ወስደው «ነፃ ነው» ሲሉሽ እልል በዪ፣ ይገባሻል። ካርዱን ግን አትጣይው። መድኃኒትሽን አንድም ቀን አትዝለዪ፣ ጡት እስካለ ድረስ ደግሞ በተለይ። የመጨረሻው ምርመራ 18 ወር ሲሞላውና ጡት ከተወ ቢያንስ 6 ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው።

አሁን ወደ እድገቱ። ቫይረሱ ባይዛቸውም በማህፀን ሳሉ የተጋለጡ አንዳንድ ልጆች በንግግርና በእንቅስቃሴ ትንሽ ዘግየት እንደሚሉ ጥናቶች ያሳያሉ። ብዙዎቹ ደህና ነው የሚያድጉት። ያለጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ የተወለደ ከሆነ ግን ዐይንሽን ከሱ ላይ አታንሺ።

ከጆሮው ጀምሪ። ሃይላንድ ውስጥ ትንሽ ሽምብራ ጨምሪና ክዳኑን ጥብቅ አድርገሽ ዝጊው፣ ከዚያ ሳያይሽ ከጎኑ ነቅንቂው። 6 ወር ያለፈው ልጅ ዞሮ ይፈልገዋል። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ስትሄጂም ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ሲል በአንቀልባ ሆኖ አንገቱን ወደ ድምፁ ያዞራል ወይ? ካላዞረ ጤና ጣቢያ ንገሪያቸው፣ «ያድጋል፣ ይተወዋል» ለሚሉሽ ጆሮ አትስጪ።

9 ወር አልፎት ሳይደገፍ ካልተቀመጠ፣ 18 ወር ሞልቶት ካልሄደ፣ ወይም ያወቀውን ነገር መልሶ ከተወ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቂ። ዳዴ ሳይል በቀጥታ የሚነሳ ልጅ ግን አለ፣ እሱ አያስጨንቅሽ፤ ጎረቤቱ «ወፌ ቆመች» ማለቱ አይቀርም።

መድኃኒት ቤት የማይሸጥ ነገር ደግሞ አለ። አውሪው። «አጉ» ሲልሽ «አጉ» በዪውና ዝም ብለሽ ጠብቂው፣ ተራው የሱ ነው። ምስር ስትለቅሚ፣ ቡና ስትቆዪ የምታደርጊውን ሁሉ ንገሪው። ስልክ ከፍቶ ማስያዝ ይህንን አይተካም።

አንቺስ? እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ልጁን ማቀፍ እንኳ ከከበደሽ፣ እሱም በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ይታከማል። ምስጢርሽን ለማንም መናገር የለብሽም፤ «የት ትሄጃለሽ?» ላለሽ ጎረቤት «ለልጁ ቀጠሮ» ይበቃዋል። ለነርሷ ግን ንገሪያት። ክብደቱን ብቻ መዝና «በቃ፣ ሂጂ» ብትልሽም አትነሺ፣ «አልተቀመጠልኝም እኮ፣ እዪልኝ» በያት።