ቼክ ኢንጅን ሲበራ፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ኮዱን አንብቡ

ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ከለገሃር ወደ ፒያሳ በቸርችል ጎዳና ስወጣ፣ ዳገቱ ላይ ኮሮላዬ መንዘፍዘፍ ጀመረች። ነዳጅ ስረግጥ አትሄድም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር ምልክት፣ ቼክ ኢንጅን የምትባለው፣ ብልጭ ድርግም ትላለች። እየተንፏቀቅኩ አንድ ጋራዥ አደረስኳት። ኮፈኑን ከፍተው ትንሽ አዳመጡና «ማዘር፣ አራቱም ኮይል ይቀየር» አሉኝ። ኮይል ማለት ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ ለሚያቀጣጥለው ካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚልክ ዕቃ ነው። ኮምፒውተር እንኳ አልሰኩም። የተበላሸው አንዱ ብቻ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ፣ ግቢዬ ውስጥ፣ በገዛ እጄ ነው።

መጀመሪያ የመብራቷን ሁኔታ እዩ። ሳትቆራረጥ ከበራች ቀስ ብላችሁ ቤት መግባት ትችላላችሁ፤ ግን ለሳምንታት አትተዋት። ብልጭ ድርግም ካለች አንዱ ሲሊንደር በትክክል እያቃጠለ አይደለም ማለት ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ወርዶ ጭሱን የሚያጣራው ካታላይዘር ውስጥ ይነድና ሊያቀልጠው ይችላል፤ ስለዚህ ነዳጅ መርገጥ ትታችሁ ጥግ ያዙ። ቀዩ የዘይት ወይም የሙቀት መብራት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ።

ኮዱን፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተር የሚመዘግበውን የብልሽት ቁጥር፣ ለማንበብ ኢኤልኤም 327 የምትባለው ትንሽ ብሉቱዝ መሣሪያና እንደ ቶርክ ያለ የስልክ አፕ ይበቃሉ። ከመሪው በታች፣ ከጉልበታችሁ አካባቢ 16 ቀዳዳ ያለው መሰኪያ ታገኛላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ መሰኪያው ግዴታ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አንዳንድ አሮጌ መኪኖች ግን ከርካሹ መሣሪያ ጋር አይግባቡም፤ ከመክፈላችሁ በፊት መኪናችሁ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት። ቁልፉን ሞተሩ ሳይነሳ «ኦን» ላይ አድርጉና አንብቡ፤ የወጣውንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

አደራ፣ «ባትሪውን ነቅለሽ መልሺው፣ ይጠፋል» የሚላችሁን አትስሙ። መብራቷ ትጠፋለች፣ ብልሽቱ ግን እዚያው ነው። ኮምፒውተሩ ብልሽቱ ሲከሰት መዝግቦ የያዘው የፍጥነትና የሙቀት መረጃም አብሮ ይሰረዛል።

የእኔ ኮድ ፒ0301 ነበር። ቁጥር 1 ሲሊንደር አያቃጥልም ማለት ነው። ኮይል ይሁን ካንዴላ ወይም ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር ግን አይናገርም፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ኮዱ በሽታው ያለበትን ቦታ እንጂ የሚገዛውን ዕቃ አይነግራችሁም።

ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ። የላይኛውን ፕላስቲክ ክዳን ስታነሱ አራቱ ኮይሎች ተደርድረው ታያላችሁ፤ በኮሮላዬ ቁጥር 1 በቺንጊያው በኩል ያለው ነው። የሽቦውን ሶኬት ምላሱን በአውራ ጣት ተጭናችሁ ሳቡት። ያረጀ ፕላስቲክ ቶሎ ስለሚሰበር በካቻቢቴ አትፈልቅቁት። ብሎኑን በ10 ቁጥር ቡሶላ ፈትታችሁ፣ ኮይሉን ግራ ቀኝ ወዝወዝ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡት። እኔ የቁጥር 1ን ኮይል አናት በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግኩበትና ቁጥር 2 ቦታ አስገባሁት፣ የ2ን ወደ 1። ከዚያ ኮዱን በአፑ አጥፍቼ ያንኑ ዳገት ደግሜ ወጣሁ። ነዳጅ ሳይረገጥ ሚኒሞ ላይ ስትቆም ደህና ትመስላለችና ብልሽቱ እንዲታይ ሞተሩ ሥራ ሊበዛበት ያስፈልጋል። ብዙም ሳልርቅ መንዘፍዘፉ ተመለሰ፤ ጥግ ይዤ ሳነብ ፒ0302። ብልሽቱ ከኮይሉ ጋር ተዛውሯል! ኮዱ 0301 ላይ ቢቀር ኖሮ ቀጥዬ ካንዴላዎቹን አቀያይር ነበር።

ካንዴላ ስትፈቱ ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ካገኛችሁ ከፕላስቲኩ ሥር ያለው የሞተሩ ክዳን ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገው) እያፈሰሰ ነው፤ እሱ ሳይቀየር አዲስ ኮይል መግጠም ኪሳራ ነው። ካንዴላ ስትመልሱ መጀመሪያ በእጃችሁ ብቻ አዙሩት። የሞተሩ ጭንቅላት አሉሚኒየም ስለሆነ አጣማችሁ ከገባችሁ ጥርሱ ይበላል።

ፒ0171 ከወጣ ሞተሩ ከቤንዚኑ የበዛ አየር እያገኘ ነውና የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ፈልጉ። የአየር መለኪያውን ሴንሰር ለእሱ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ እጠቡ፣ በጣት አትንኩት። «የአዲስ አበባ ከፍታ ነው» ቢሏችሁ አትቀበሉ፤ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ብትሆንም ኮምፒውተሩ የሚገባውን አየር ለክቶ ቤንዚኑን ያመጣጥናል። ፒ0455 ከሆነ የቤንዚን ትነት እያመለጠ ነውና መጀመሪያ የነዳጅ ታንኩን ክዳን አጥብቁ። ካታላይዘሩ በሚገባ አያጣራም የሚለው ፒ0420 ሲመጣ ካታላይዘር ለመግዛት አትቸኩሉ፤ የማርሚታው መስመር ከፊት የሚያፈስ ከሆነም ይህንኑ ኮድ ሊያወጣ ይችላል።

ሶማሌ ተራ የሄድኩት ቀይ ምልክት ያለውን ኮይል ይዤ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር አስተያይቼ አንድ ብቻ ገዛሁ። መሣሪያዋን አሁን ከመኪናው አላወጣትም፤ ግን ተሰክታ ካደረች ባትሪ ስለምትጠጣ ካነበብኩ በኋላ ነቅዬ የመኪናው ኪስ ውስጥ አኖራታለሁ።