አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ይዞ ግሬት ፎልስ መዋል

ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ የሚኖር ቤተሰብ እናት ወይም አባት ከአገር ቤት ሲመጡለት፣ ብዙ ጊዜ ለሽርሽር የሚያስበው ግሬት ፎልስ የተባለውን የፏፏቴ ፓርክ ነው። ቦታው ከዲሲ መሃል 15 ማይል ገደማ ይርቃል። የፖቶማክ ወንዝ እዚያ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት ውስጥ 76 ጫማ ይወርዳል። እንደ ጢስ ዓባይ ከአንድ ገደል አፋፍ ተወርውሮ የሚወድቅ ውሃ ለሚጠብቁ እማማ ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ይኼኛው በቋጥኝ መሃል እየተሰነጣጠቀ፣ ደረጃ በደረጃ እየተንፈቀፈቀ ነው የሚወርደው።

መጀመሪያ የትኛውን ዳር እንደምትሄዱ ወስኑ። ወንዙ ሁለቱን ክፍለ ሀገሮች ይለያል፣ በሁለቱም በኩል መመልከቻ አለ፣ በእግር ግን መሻገሪያ የለም። ከአሌክሳንድሪያ የመጣውና ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣው ወገን ስልኩ ላይ «ግሬት ፎልስ» ብሎ ብቻ ከጻፈ፣ አንዱ ቨርጂኒያ ሌላው ሜሪላንድ ቆሞ በውሃ ማዶ እጅ ሲወዛወዝ ሊውል ይችላል። አንዱ ወደ ሌላው ለመምጣት በመኪና በቤልትዌይ (ዲሲን በሚዞረው አውራ ጎዳና) ድልድይ መዞር አለበት። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሙሉ አድራሻ ላኩ፤ የቨርጂኒያው 9200 ኦልድ ዶሚኒየን ድራይቭ፣ መክሊን ነው። ምርጫው ቀላል ነው፤ ቀኑን ሙሉ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው ካለ የሜሪላንዱ ይሻላል። እዚያ ባለው የድሮ የጀልባ ቦይ ዳር የሚሄደው መንገድ ሜዳ ነው፣ ወደ ኦልምስቴድ ደሴት መመልከቻ የሚያደርሰውም የእንጨት መተላለፊያ ነው። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ግን ወንዙ ሲሞላ መተላለፊያው ሊዘጋ ስለሚችል ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ድረ ገጽ እዩ። ከዚህ በታች ያለው ስለ ቨርጂኒያው ነው።

መግቢያው ለአንድ መኪና 20 ዶላር ሲሆን ለ7 ቀን በሁለቱም ዳር ያገለግላል፤ የባንክ ካርድ ያዙ። ዕድሜያቸው 62 የሞላ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው አባት ካሉ የአረጋውያን ማለፊያ አውጡላቸው። እሳቸው መኪናው ውስጥ እስካሉ ድረስ አብሯቸው የተሳፈረው ሁሉ በነጻ ይገባል። በቪዚት ቪዛ የመጡ ግን ይህን ማለፊያ ማውጣት አይችሉም።

ቅዳሜና እሁድ ፀሐይ ከወጣች ከረፋዱ ጀምሮ የመኪናው ሰልፍ ይረዝማል። ሽማግሌ መኪና ውስጥ አንድ ሰዓት ከተቀመጠ በኋላ ጉልበቱ ተሳስሮ ነው የሚወርደው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት በር ላይ ድረሱ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከዚያ የመጡ አያቶች ለእስትንፋስ አይቸገሩም። የሚጥላቸው የሐምሌና የነሐሴ ወበቅ ነው። ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም ቅጠሉ ቀለም የሚቀይርበት ጥቅምት ይመረጣል።

ምግቡ የማይንጠባጠብ ይሁን። ለ8 ሰው 10 እንጀራ፣ ደረቅ ጥብስ ወይም በጾም ቀን ጠበቅ ያለ ሽሮ፣ ጎመንና ምስር ይበቃል። እንጀራውን እቤት ጠቅልላችሁና ቆርጣችሁ በየሰው ብታሽጉት መሶብ አያስፈልግም። ውሃ ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር፣ ለሚወጡት ወጣቶች ሁለት። ቡናውን እቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙ፤ ጀበናና ረከቦት ይዞ መሬት ላይ እሳት ማንደድ አይፈቀድም። አልኮልም ክልክል ነው፣ ጠጁ እቤት ይጠብቅ። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ስለምትመለሱ ሁለት ሦስት ትልልቅ ከረጢት አትርሱ።

ስኳር ያለባቸው ሰው ምሳ እስኪደርስ ባዶ ሆዳቸውን አይቆዩ፣ ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ደግሞ ጁስ ከእጃችሁ አይጥፋ። አንዳንድ የደም ግፊት ኪኒን ሽንት ያበዛል። «እንግዲህ ዛሬ ልተወው» ቢሉ አትስሟቸው፣ መድኃኒቱ ይወሰድ። ይልቅ ሽንት ቤቱ ያለው የጎብኚዎች ማዕከሉ ጋ መሆኑን አውቃችሁ፣ ከመሄድ በፊትም ከተመለሱ በኋላም እዚያ ጎራ በሉ። በእግር መንገዶቹ ላይ የለም።

ጉዞው ሁሉም አብሮ የሚያየው ይቅደም። ሦስት መመልከቻዎች አሉ። 2ኛውና 3ኛው ለዊልቸርም ለጋሪም ይመቻሉ፣ ከማዕከሉ አጭር መንገድ ናቸው። 1ኛው ፏፏቴው አጠገብ ነው፣ ግን ድንጋይ መርገጥ ይጠይቃል፤ እማማ «እችላለሁ» ቢሉም ለወጣቶቹ ተዉት። በመንገዱ ላይ የጎርፍ ዓመታት የተጻፉበት ምሰሶ ታያላችሁ። ወንዙን ቁልቁል አሳይታችሁ፣ ከዚያ የ1936 ምልክት ያለበትን ከፍታ ቀና ብለው እንዲያዩ አድርጉ። ለልጅ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

ከዚህ በኋላ ተከፋፈሉ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም አብሮ ካልሄደ ይላልና አያት ደክመው፣ ልጆቹም ሰልችቷቸው ይመለሳሉ። አንድ አዋቂ ከአረጋውያኑ ጋር ጥላ ስር ይቅር፣ በመመለሻ ሰዓትም ተስማሙ፤ ገደሉ ውስጥ ስልክ ሊቆራረጥ ይችላል። የሚሄዱት በፖቶማክ ቦይ ፍርስራሽ በኩል ወደ ታች ይውረዱ። ይህ የጆርጅ ዋሽንግተን ኩባንያ ያስቆፈረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1802 እስከ 1828 ጀልባ ያለፈበት ቦይ ነው። ጀልባውን ከፍና ዝቅ ያደርጉ በነበሩት የውሃ መዝጊያዎች (ሎክ) ግድግዳ ድንጋዮች ላይ ጠራቢዎቹ የየራሳቸውን ምልክት ቀርጸዋል፤ ልጆቹ እየፈለጉ ይቁጠሩ። ከዚያ በ1.5 ማይሉ የወንዝ ዳር መንገድ ቀጥለው በማቲልዳቪል መንገድ ይመለሱ። ከልጅ ጋር ሁለት ሰዓት ግድም ይወስዳል። የወንዝ ዳሩ መንገድ ቋጥኝ የበዛበትና አጥር የሌለው ገደል ዳር ስለሆነ፣ እጁ የማይያዝ ልጅ ካለ ሰፊውንና ለስላሳውን የድሮ የሠረገላ መንገድ ምረጡ። የሚታይ ውሃ ግን የለውም።

ውሃው ውስጥ መግባት ክልክል ነው፣ እግር መንከርም ጭምር። ከፏፏቴው በታች ላዩ የተኛ ይመስላል፣ ከስር ግን ወደ ጠባብ ሸለቆ የሚጎትት ኃይል አለ። አብዛኛው አደጋ የሚጀምረው ዳር ላይ ነው፤ ፎቶ ለመነሳት እርጥብ ድንጋይ ላይ መቆም፣ የወደቀ ጫማ ለማንሳት መጎንበስ። አንድ ሰው ከገባ ተከትላችሁ አትግቡ። 911 ደውሉ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት።

ጫማ የላስቲክ ሶል ያለውና ተረከዝ የሚይዝ ይሁን፣ ነጠላ ጫማ ግን አይሆንም። ጉልበት የሚያማቸው ሰው የሚቸገሩት ከመውጣት ይልቅ በመውረድ ነውና ምርኩዝ ይያዙ። ነጠላ ለፀሐይም ለንፋስም ይበጃል፤ ጫፉ እሾህ እንዳይዝ ብቻ ወገብ ላይ ይታሰር።

መንገድ ዳር ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን ፖይዝን አይቪ ማንም አይንካ፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ያቆስላል። ፓርኩ ፀሐይ ከገባች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይዘጋል፣ እናንተ ግን ልጆቹ ሳያለቅሱ ቀደም ብላችሁ ውጡ። ማታ እቤት ስትገቡ የልጆቹን ብብት፣ ከጆሮ ጀርባና ከጉልበት በስተኋላ ለመዥገር ፈትሹ። ከተገኘ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ቫዝሊንም እሳትም አያስፈልግም።