ወደ ጎጃም የደብር ደኖች ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ ከአውራ ጎዳናው ወጣ ሲሉ በየጉብታው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይታያል። ዙሪያው የጤፍ፣ የበቆሎና የስንዴ ማሳ ነው፤ መሐሉ ግን ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ። እዚያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሌላው ጫካ ሲመነጠር ይህ የተረፈው ትውልድ ለትውልድ እየተቀባበለ ስለጠበቀው ነው። ጎብኚ የሚያጠፋው ጥፋት ሁሉ የሚመነጨው ደኑን ባለቤት እንደሌለው ቦታ ከመቁጠር ይመስለኛል።

ደኑን ከቤተ ክርስቲያኑ ለይቶ ማየት

ብዙ ሰው ጫማውን የሚያወልቀውና ድምፁን የሚቀንሰው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርስ ብቻ ነው። ለአካባቢው ሰው ግን ቅድስናው የሚጀምረው ከቅጽሩ ነው። መቅደሱን ቅድስት፣ ቅድስትን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅኔ ማኅሌቱን ደግሞ ዛፉ ከብቦታል። ከዛፉ ሥር የአባቶች መቃብር አለ። ስለዚህ እዚያ ሲጋራ ማጨስ፣ ዛፍ ተገን አድርጎ መሽናት፣ ለመንገድ ዱላ ብሎ ቅርንጫፍ መቁረጥ በመቅደሱ ደጃፍ እንደማድረግ ነው። የወደቀ እንጨትም ቢሆን የደብሩ ስለሆነ ማንሳት አይገባም። ከተረገጠው መንገድ ወጥቶ መንጎራደድም ጉዳት አለው፤ ጽድና ወይራ ቀስ ብለው የሚያድጉ ዛፎች ናቸው፣ ዛሬ የተረገጠችው ችግኝ በቶሎ አትተካም።

ጸጥታውን ባዶ ጸጥታ አድርጎ መውሰድ

በዚህ ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ የተባሉት የቅኔ ትምህርት ቤቶች ስማቸው በሊቃውንቱ ዘንድ የታወቀ ነው። የቅኔ ተማሪ ትምህርቱን ከየኔታ እግር ሥር ሰምቶ ብቻ አይጨርስም። ደበሎውን ለብሶ ብቻውን ዛፍ ሥር ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል፤ ቃሉን ከቃል፣ ሰሙን ከወርቁ ያስማማል፤ ከዚያ ተነሥቶ ቅኔውን በመምህሩ ፊት ይዘርፋል፣ ማለትም ያቀርባል። ጫካው ለእርሱ ትምህርት ቤቱ ነው። እና ከአጠገቡ የሙዚቃ ድምፅ ማጉያ የሚከፍት፣ በስልክ የሚጮህ፣ ወይም ሳያስፈቅድ ካሜራ ፊቱ ላይ የሚደቅን እንግዳ ቀኑን ሙሉ የለፋበትን ሐሳብ ይበትንበታል። የተማሪዎቹን ጎጆዎች ካዩ ከሩቅ ቆም ይበሉ። የኔታን ካገኙ «የኔታ፣ እንደምን ዋሉ?» ብለው ሰላምታ ይስጡ፤ ፎቶም ሆነ ጥያቄ የሚፈቀደው በእርሳቸው ነው። ተማሪውን መርዳት ከፈለጉ ብር እየበተኑ ሕፃናትን ከማሻማት፣ ምን እንደሚያስፈልግ መምህሩን ጠይቀው እህል ወይም ልብስ መስጠት ይሻላል።

ድሮን ማስነሳት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር። በዚህ የግጭት ጊዜ ሰማይ ላይ የሚሰማ ድምፅ ሰውን ያስደነግጣል።

ዘጌን እንደ መዝናኛ ደሴት ማየት

ዘጌ ደሴት ሳይሆን በጣና ዳር ያለ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ከባሕር ዳር በጀልባም በመኪናም ይደረሳል። ጎብኚው ብዙውን ጊዜ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ በመጣበት ጀልባ ይመለሳል፤ ያለፈበትን ደን ግን ልብ አይለውም። ዘጌ በበሬ አይታረስም። ሕዝቡ ይህን ከዘጌው ጻድቅ ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ጋር ያያይዘዋል። ኑሮው በዋናነት በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር የሚያድገው ቡናና ጌሾ ነው። ጫካ የሚመስለው ሁሉ የአንድ ሰው ጓሮ ነውና የቀላ ቡና ሲያዩ እየለቀሙ መሄድ የሰው ማሳ መግባት ነው። ጊዜ ሰጥተው በእግር ይሂዱ፤ የአገሩን ሰው መሪ ያድርጉ። ለጦጣዎቹም ምግብ አይወርውሩ፤ ከሰው እጅ የለመደ ጦጣ ከገበሬው ጓሮ አይወጣም።

በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ፍላሽ አያብሩ። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው፣ ብርሃን ቀለማቸውን ይጎዳል።

ከሴቶች ጋር የሚጓዙ ከሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ሴቶችን ያስገባሉ፤ በጣና ደሴቶች ላይ ያሉት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን የወንዶች ገዳማት ናቸው። ጀልባ ላይ ከወጡ በኋላ ይህን መስማት ቅር ያሰኛል።

በልቶ ወደ ግሽ ዓባይ መሄድ

ሰከላ ያለው የግሽ ዓባይ ምንጭ የዓባይ መነሻ ተብሎ የተከበረ ነው። በፈረንጆቹ 1618 ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ፣ በ1770 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ደርሰውበታል፤ የአገሩ ሰው የሚያወራው ግን ስለ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ነው። ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጥተው ሳይርሱ መልሰው ተቀበሉ ይባላል። ቦታው ጠበል ነው፤ ወደ ምንጩ የሚጠጉት ምግብ ሳይቀምሱ ነው። ቁርሱን በልቶ የመጣ ሰው ዳር ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ቢከራከርም ጠባቂዎቹን ከማሳዘን በቀር የሚያተርፈው የለም። በጠዋት ይሂዱ፣ ስንቅዎን ለመመለሻ ያቆዩት።

አረንጓዴውን ሁሉ ጥንታዊ ደን ማለት

በአዊ በኩል፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ኮረብታውን የሸፈነው ዛፍ አብዛኛው ገበሬው ለከሰል ብሎ ያለማው ዲከረንስ የሚባል የግራር ዝርያ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ባሕር ዛፍ ነው። ሁለቱም ለባለቤታቸው እንጀራ ናቸው፤ ነባሩን ደን የሚፈልግ ግን የደብሮቹን ቅጥር ወይም እንጅባራ አጠገብ ያለውን የዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ይመልከት።

የቤቱን ሥርዓት አለማወቅ

ገጠር ውስጥ «ቤት ለእንግዳ» ከተባሉ ግብዣው የእውነት ነው። ቡና ከተፈላ አቦሉን ብቻ ጠጥቶ መነሣት ያስከፋል፤ ጊዜ ከሌለዎት ገና ሳይቆላ ይናገሩ። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴና በፍልሰታ ሥጋና ወተት ይዞ በሰው ፊት መብላት ነውር ነው። ቄስ ሲያገኙ መስቀል መሳለም የሚፈልግ ይሳለም፤ የማይፈልግም ጎንበስ ብሎ «አባ፣ እንደምን አሉ» ቢል ይበቃዋል። ነጠላ ወይም ጋቢ ይያዙ፤ ለአክብሮትም ለብርድም ይሆናል፣ በተለይ ወደ ጮቄ ተራራ ግድም ለሚወጣ።

ሳይጠይቁ መነሣት

በሐምሌና በነሐሴ ብዙው የገጠር መንገድ በዋልካ ጭቃ ይያዛል፤ ጥቅምትና ኅዳር ይመረጣሉ። አሁን ባለው ሁኔታ ደግሞ ከመነሣትዎ በፊት በቀኑ የመንገዱን ሰላም እዚያው ላለ ሰው ደውለው ይጠይቁ። «አትምጣ» ካለዎት ይቅሩ።