ያገለገለ አኳሪየም ገዝታችሁ መስታወቱ ነጭ ከሆነባችሁ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ያገለገለ አኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) በርካሽ አግኝታችሁ ቤት ስታስገቡ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ያ ነጭ ነገር ነው። ድሮ ውሃው እስከየት ይደርስ እንደነበር የሚያሳይ ወፍራም መስመር፣ ከሱ በታች ደግሞ ጭጋግ የመሰለ ነገር። እኔም ባለ 60 ሊትሩን ገንዳዬን የገዛሁት እንዲህ ሆኖ ነው፤ ከዚህ በታች ከምጽፋቸው ስህተቶች ቢያንስ ሦስቱን በገዛ እጄ ሠርቻቸዋለሁ።

አንደኛው ስህተት ነገሩን እንደ ቆሻሻ ማየት ነው። ቆሻሻ አይደለም፣ ድንጋይ ነው። ውሃው ሲተን ውስጡ የነበረው ካልሲየም መስታወቱ ላይ ይቀራል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ማለት ነው (ለድሬዳዋ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም)። ስለዚህ ላርጎም ኦሞም ምንም አያመጡለትም። ሳሙና ቅባት ያስለቅቃል እንጂ ድንጋይ አያሟሟም። ይባስ ብሎ ጥጋጥጉ ውስጥ ተደብቆ ይቀርና ኋላ ዓሦቹን ይጎዳል። መስታወት መወልወያ ተብሎ የሚሸጠው ሰማያዊ ፈሳሽም አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ አሞኒያ አለበት፣ አሞኒያ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። ይሄን ድንጋይ የሚያሟሟው አሲድ ነው፣ ለዚያ ደግሞ የወጥ ቤቱ ነጭ አቼቶ ይበቃል። ሎሚም ይሠራል።

ሁለተኛው ጥድፊያ ነው። ሰው አቼቶ ይረጭና ወዲያው ይፈትጋል፣ አልለቅም ሲለው "አቼቶ አይሠራም" ብሎ ይተወዋል። ገንዳው እንደቆመ ከሆነ እኮ አቼቶው ወዲያው ተንሸራቶ ታች ነው የሚጠራቀመው! ገንዳውን ፎጣ ላይ በጎኑ አስተኙት፣ የሚጸዳው መስታወት ከታች ይሁን፣ ሶፍት ወይም አሮጌ ጨርቅ ደራርባችሁ አንጥፉበት፣ አቼቶ አፍስሱበት፣ ቶሎ እንዳይደርቅ ደግሞ በፌስታል ሸፍኑት። ለስስ ነጠብጣብ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ወፍራሙን መስመር ግን ሌሊቱን ሙሉ ተዉት። ትንንሽ አረፋ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፣ እየበላው ነው። ጠዋት በስፖንጅ ጥረጉና ለቀረው ድገሙ። እኔ አራቱን ጎን ለመጨረስ አራት ሌሊት ፈጀብኝ፣ ቤቱም ለሳምንት ሰላጣ ሰላጣ ሲሸት ነበር።

ሦስተኛው፣ እኔን ያናደደኝ፣ ሽቦ ነው። የድስት መፈተጊያ ሽቦ አንስቼ አንዱን ጎን ፈተግኩት። ነጩ ለቀቀ። ጭረቱ ግን እስከ ዛሬ አለ፣ መብራት በበራ ቁጥር ፊት ለፊቴ ያብለጨልጫል። ምላጭ ይሻላል፣ ግን መስታወቱ እርጥብ ሆኖ፣ ምላጩ ደግሞ ተኝቶ ሲገፋ ብቻ። ወደ ጥጉ ስትጠጉ አቁሙ፤ እዚያ ያለው ሲሊኮን ነው መስታወቶቹን አጣብቆ የያዘው፣ ምላጭ ከቆረጠው ማፍሰስ ይጀምራል። ጥጉን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጨርሱት። ስፖንጁንም ቶሎ ቶሎ እጠቡት፣ የድሮው አሸዋ አንዲት ፍሬ ከገባችበት እሷም ትጭራለች።

ከዚያ በፊት ግን ገንዳው በእርግጥ መስታወት መሆኑን እዩ። አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ ሲነካ እንደ መስታወት አይቀዘቅዝም፣ በጣት ሲመቱትም ድምፁ የታፈነ ነው። እሱን ምላጭም አልኮልም አታስነኩት፤ አቼቶና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ።

አሁን የምለውን እንደ ቀልድ አትለፉት፦ በረኪናና አቼቶ አንድ ላይ አይደባለቁም። ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በተለይ በተዘጋ ሻወር ቤት ውስጥ አደገኛ ነው። የድሮዎቹ ዓሦች በበሽታ ሞተው ከሆነና በረኪና የግድ ካላችሁ፣ በውሃ አቅጥናችሁ፣ ለብቻው፣ በሌላ ቀን ተጠቀሙ፤ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ደጋግማችሁ አለቅልቁና አድርቁት።

የፈላ ውሃም አይፈስበትም። መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ አለቀ።

ሌላው ደግሞ የማይለቀውን ለማስለቀቅ መታገል ነው። ሦስት አራቴ በአቼቶ አድራችሁበት፣ በጥፍር ስትዳስሱት ለስልሶ፣ ግን አሁንም ጭጋግ ካለ፣ መስታወቱ ራሱ ተበልቷል ማለት ነው። በማጽዳት አይመለስም። ደግነቱ ውሃ ሲሞላ አብዛኛው አይታይም፣ ስለዚህ እጃችሁን አታድክሙ።

የመጨረሻው፣ ጸዳልኝ ብሎ በዚያው ቀን ዓሣ ማስገባት ነው። በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፣ ከዚያ ሞልታችሁ አንድ ሁለት ቀን አቆዩት። ሲሊኮኑ ለረጅም ጊዜ ደርቆ የቆየ ገንዳ ሊያፈስ ይችላል። 60 ሊትር ውሃ ብቻውን 60 ኪሎ ነውና የሚቀመጥበት ነገር ጠንካራና ለጥ ያለ ይሁን፣ ሙከራውንም ውሃ ቢፈስ ግድ የማይሰጣችሁ ቦታ አድርጉት። እኔ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ነው የሞከርኩት፤ ምንጣፉ ሦስት ቀን አጥር ላይ ተሰጥቶ ጎረቤት ሁሉ "ምን ሆናችሁ ነው?" ሲለን ከረመ።