የመጀመሪያው ትንሽ የጨው ውሃ አኳሪየም፦ ችግሮቹና መፍትሄዎቻቸው

«ትንሽ ገንዳ ለጀማሪ ይቀላል» የሚለው ምክር ብዙ ዓሣ ፈጅቷል። አራት መቶ ሊትር ውሃ ውስጥ የተረሳ ቁራጭ ምግብ ማንም ሳያውቀው በስብሶ ያልቃል። አርባ ሊትር ውስጥ ግን ያው ቁራጭ በማግስቱ ውሃውን ያበላሻል። ሙቀቱም ጨዋማነቱም እንዲሁ ነው፤ ውሃው ባነሰ ቁጥር ለውጡ ይፈጥናል። ገና ካልገዛችሁ ከ80 እስከ 120 ሊትር የሚይዝ ምረጡ። ገዝታችሁ ከሆነም ግድ የለም፣ በየቀኑ ማየት ብቻ ነው።

ምልክት ስታዩ መጀመሪያ እጃችሁ የሚሄደው ወደ መድኃኒት ጠርሙስ ሳይሆን ወደ መለኪያ ይሁን። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጨዋማነቱ ከሺህ 35 እጅ (በአንጻራዊ እፍጋት ከ1.025 እስከ 1.026)፣ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) ከ8.0 እስከ 8.4፣ ከዓሣ ቆሻሻና ከብስባሽ የሚመነጩት መርዞች አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ ከሆኑ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከውሃው ውጭ ነው። ካልሆኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚያው ቁጥሩ ውስጥ አለ።

ውሃው እንደ ወተት ነጣ

መቼ እንደነጣ አስታውሱ። አሸዋ በገባበት ቀን ከሆነ ብናኝ ነው፤ ፓምፑ እየሠራ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል። ጨው ከተበጠበጠ በኋላ ከሆነ አበጣጠሩን መርምሩ። ጨው ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ በጨው ላይ አይፈስስም። ባልዲ ሥር በተቀመጠ ደረቅ ጨው ላይ ውሃ ሲፈስስ ለጥቂት ጊዜ ድብልቁ ከመጠን በላይ ይወፍርና ካልሲየሙ ከካርቦኔቱ ጋር ተጣምሮ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይዘቅጣል። ያንን ዱቄት ብታማስሉት አይሟሟም፤ ደፍቶ እንደገና መጀመር ነው። ለ10 ሊትር ውሃ 370 ግራም ያህል የባህር ጨው ድብልቅ ይበቃል፤ የገበታ ጨው አይተካውም። ባልዲው ውስጥ ትንሽ ፓምፕ አስገብታችሁ ጥርት እስኪል ተዉት።

አኳሪየሙ ከተመሠረተ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ድንገት ከነጣ ግን የባክቴሪያ መብዛት ነው። የሚበሰብስ ነገር አግኝተዋል ማለት ነው። ዓሣ ከሌለ ምንም አታድርጉ። ዓሣ ካለ አደጋው ባክቴሪያው ኦክስጅኑን መሻማቱ ስለሆነ የፓምፑን አፍ ወደ ውሃው ገጽ አዙሩ፣ ምግብ ቀንሱ፣ ጠብቁ።

ወር ሊሞላው ነው፣ አሞኒያው አልወርድ አለ

አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች አለቱና ማጣሪያው ላይ ተባዝተው እስኪበቁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ ከዘገየ የተለመዱት ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። አንዱ ለባክቴሪያዎቹ ምግብ እንዲሆን የሚጨመረውን አሞኒያ «ቶሎ ይድረስልኝ» ብሎ ማብዛት ነው፤ በሊትር ከ5 ሚሊግራም ካለፈ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ይቸገራሉ። ከውሃው ከፊሉን ቀይሩና አውርዱት። ሌላው የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ማጠብ ነው፤ ክሎሪኑ የወር ሥራ በአንድ ደቂቃ ያጠፋል። ስፖንጅ የሚታጠበው ከራሱ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ነው።

ከዘገየው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን «በአምስተኛው ቀን ዜሮ ሆነ» የሚለው ሰው ነው። አሞኒያ ያላስገባ ሰው ዜሮ ቢያነብ ምን ይደንቃል? ፈተናው ሌላ ነው፦ አሞኒያውን በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪሆን ጨምሩና በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ወደ ዜሮ ከተመለሱ ዓሣ ለመቀበል ደርሷል።

ዓሣው ውሃው ገጽ ላይ ይተነፍሳል፣ ወይም በገባ ማግስት ሞተ

ስንጥቡ (የሚተነፍስበት አካሉ) በፍጥነት የሚከፈት የሚዘጋ ዓሣ ኦክስጅን አጥሮታል፣ ወይም ኦክስጅኑ እያለ ስንጥቡ ተጎድቷል። ገጹ ላይ የቅባት ስስ ሽፋን ካለ አየሩ መግባት አልቻለም፤ ፓምፑን ወደ ላይ አዙራችሁ ገጹን አንቀሳቅሱት። ሙቀቱ ከፍ ካለ አውርዱት፤ ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው።

ቀጥሎ አሞኒያ። በጨው ውሃ ውስጥ አሞኒያ ይበልጥ ይከፋል፤ ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ የመርዛማው ክፍል ድርሻ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ የለመዳችሁ «ትንሽ ቢገኝ ምን አለበት» አትበሉ። ተመሳሳይ ጨዋማነትና ሙቀት ባለው አዲስ ውሃ ሩቡን ወይም ግማሹን ቀይሩ፣ ለአንድ ቀን ምግብ አትስጡ።

ቁጥሩ ሁሉ ደህና ሆኖ አዲስ ዓሣ በማግስቱ ከሞተ አገባቡን ተጠራጠሩ። ብዙ ሰው ከረጢቱን ከፍቶ ለሁለት ሦስት ሰዓት ጠብ እያደረገ ማላመዱን እንደ ርኅራኄ ያየዋል። ከሩቅ ለመጣ ዓሣ ግን ይህ ጉዳት ነው። በጉዞው ከረጢቱ ውስጥ አሞኒያ ተጠራቅሟል፣ የዓሣው ትንፋሽ ያመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ፒኤቹን ዝቅ አድርጎ አሞኒያውን አደብ አስገዝቶታል። ከረጢቱ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሣል፣ አሞኒያውም መርዝ ይሆናል። የተሻለው መንገድ ከረጢቱን ሳይከፍቱ 20 ደቂቃ ያህል ውሃው ላይ አንሳፎ ሙቀቱን ማስተካከል፣ ከፍቶ ወዲያው የከረጢቱን ጨዋማነት መለካት፣ አዲሱ ዓሣ የሚያርፍበትን ገንዳ ጨዋማነት ሳይዘገዩ ከዚያ ጋር ማቀራረብና ዓሣውን ብቻ ማሸጋገር ነው። የከረጢቱ ውሃ ወደ አኳሪየሙ አይገባም። ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ለጨዋማነት ለውጥ የባሰ ስስ ስለሆኑ ለእነርሱ ቀስ ብሎ ማላመድ ያስፈልጋል።

ጨዋማነቱ ይዋዥቃል

ውሃ ይተናል፣ ጨው ይቀራል። በ60 ሊትር ውስጥ ከሺህ 35 የነበረው ጨዋማነት ሦስት ሊትር ሲተን ወደ 37 ይጠጋል። የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው ሳያስበው በየሳምንቱ ጨው እየጨመረ ነው። መስታወቱ ላይ በቴፕ መስመር አስምሩና በየቀኑ እስከዚያ ጨው አልባ ንጹህ ውሃ ሙሉ። የጨው ውሃ የምትሞሉት ውሃ ስትቀይሩ ብቻ ነው፤ በሳምንት አሥር በመቶ ያህል።

ነገሩ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። የባህር ዓሣ በውሃ ተከብቦ ይጠማል፤ ከገላው ይልቅ ዙሪያው ጨዋማ ስለሆነ ውሃው ከሰውነቱ ወደ ውጭ ይሳባል። እሱም ያለማቋረጥ ይጠጣል፣ ጨውን በስንጥቡ ያስወጣል። ጨዋማነቱ በተገለባበጠ ቁጥር ይህ ሁሉ ሥራ ይዛባበታል።

እኔ በዚህ የተሸወድሁት በመለኪያው ነው። በፕላስቲክ ሃይድሮሜትር እለካ ነበር፤ መርፌዋ 1.026 ላይ ተቀምጣ ደስ ትላለች። ቀንድ አውጣዎቹ ግን ከቅርፊታቸው አልወጣ አሉ። አንድ ቀን መለኪያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ ሳደርገው መርፌዋ ሥር የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ሁለት አረፋ ተለጥፋለች። በጥፍሬ ኳ ሳደርገው አረፋዎቹ ተነሡ፣ መርፌዋም ወደ 1.021 ወረደች። ከዚያ ወዲህ ጨዋማነቱን በብርሃን መሰበር የሚለካውን ሪፍራክቶሜትር ነው የምጠቀመው፤ እሱንም ከሺህ 35 በሆነ ማመሳከሪያ ፈሳሽ አስተካክላለሁ። ጨዋማነቱ ወርዶ ካገኛችሁት በአንድ ቀን አታንሡት፤ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይሁን።

ቡናማ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሸዋው ላይ የሚነሰነሰው ቡናማ አቧራ ዳያቶም ይባላል፤ ሲሊኬት ይመገባል። ሲያልቅበት ራሱ ይሄዳል። ካልሄደ የምትሞሉት ውሃ ሲሊኬት እያስገባ ነው፤ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን በሚያሳልፍ ማጣሪያ) የተጣራና ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ተጠቀሙ። የቧንቧ ውሃ ከመዳብ ቱቦ የመጣ ከሆነማ ለሽሪምፕ የሚጎዳ መዳብም ይዞ ሊመጣ ይችላል።

እንደ ስስ ጨርቅ የሚላጥ፣ ከሥሩ አረፋ የያዘ ቀይ ሽፋን ደግሞ አልጌ ሳይሆን ሳያኖባክቴሪያ ነው። ውሃ በማይንቀሳቀስበት ጥግና ምግብ በበዛበት ይወዳል። በቀጭን ቱቦ መጥጣችሁ አውጡ፣ ፓምፑን ወደዚያ አዙሩ፣ የምትሰጡትን ምግብ መጠን ተመልከቱ።

አረንጓዴ ጸጉር ሲበቅል ናይትሬቱና ፎስፌቱ ተርፎታል ወይም መብራቱ በዝቶበታል። በእጅ ንቀሉ፣ መብራቱን በቀን ወደ ስምንት ሰዓት አውርዱ፣ በረዶ የሆነ ምግብ ከሆነ ከማስገባታችሁ በፊት አለቅልቁ።

ዓሣው ላይ ጨው የተነሰነሰ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ

የሚቆጠሩ ነጠብጣቦች ከሆኑና ዓሣው ገላውን አለት ላይ ካሻሸ ክሪፕቶካሪዮን የሚባለው ጥገኛ ነው። ነጠብጣቡ ከቀናት በኋላ ይጠፋል፤ ሰውም «ዳነ» ይላል። አልዳነም። ጥገኛው ከዓሣው ወርዶ አሸዋው ላይ ቅርፊት ውስጥ ተዘግቶ እየተባዛ ነው፣ በብዛት ይመለሳል። ነጭ ሽንኩርት የተቀባ ምግብ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። ዓሣዎቹን ሁሉ ወደ ሌላ ገንዳ አውጥቶ በመዳብ መድኃኒት፣ በመለኪያ እየተከታተሉ ማከም፣ ዋናውን ገንዳ ደግሞ 76 ቀን ያህል ያለ ዓሣ ማቆየት ነው መፍትሄው። መዳብ ዋናው ገንዳ ውስጥ እንዳይገባ፤ ሽሪምፑን፣ ቀንድ አውጣውንና ኮራሉን ይገድላል፣ አለቱም ይመጥጠዋል።

ነጠብጣቡ እንደ ዱቄት የደቀቀ፣ ትንፋሹም የፈጠነ ከሆነ ግን ቬልቬት የሚባለው ሌላ ጥገኛ ሊሆን ስለሚችል ነገ አትበሉ፤ በጥቂት ቀናት ይጨርሳል። ሁለቱንም የሚከላከለው አዲስ ዓሣን ለሳምንታት ለብቻ ማቆየት ነው። ማንም ይህን በመጀመሪያው ጊዜ አይሰማም፣ እኔም አልሰማሁም።

ሽሪምፑ ሞቶ ተገኘ

አንሥታችሁ ወደ ብርሃን አድርጉት። ባዶ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ጀርባው ላይ የተሰነጠቀ ከሆነ ልብሱን አውልቋል እንጂ አልሞተም። ባለቤቱ አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር አለት ሥር ተደብቋል።

ማሞቂያው ተቃጠለ፣ ሶኬቱ አካባቢ ነጭ ነገር በቀለ

ውሃ ስትቀይሩ መጀመሪያ ማሞቂያውን ንቀሉ፤ ከውሃ በላይ ሆኖ ሲግል ይሰነጠቃል። ነጩ ነገር ጨው ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ገመዶቹ ግን ሶኬት ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ረግበው ይታጠፉ፤ ጠብታው ከእጥፋቱ ይውደቅ እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይግባ።

ዓሣዎቹ ተጣሉ

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአገባብ ተራ ነው። ዳምሰል የሚባሉት ርካሽና ጠንካራ ስለሆኑ መጀመሪያ ይገባሉ፣ ከዚያ ገንዳውን የግላቸው አድርገው የሚመጣውን ሁሉ ያባርራሉ። ዓይን አፋሩ ይቅደም፣ ቁጡው ይከተል፤ በአንዱና በሌላው መካከልም ሳምንታት ይለፉ። ሰማያዊው ታንግ ደግሞ እስከ 30 ሳንቲሜትር የሚያድግ ዋናተኛ ስለሆነ በትንሽ ገንዳ ቦታ የለውም፤ ልጆች ቢለምኗችሁም።

ሁለት ክላውንፊሽ ስትገዙ አንዱ ከሌላው የሚበልጥ ይሁን። ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚያድጉት፤ የበላይ የሆነው ወደ ሴትነት ይለወጣል። እኩያሞች ለዚያ ቦታ ይቧጨቃሉ። ትንሹ ጎኑን አዘንብሎ በትልቁ ፊት ሲንቀጠቀጥ ብታዩ አትደንግጡ፣ ውሃም አትቀይሩ። «አንቺ ነሽ የበላይ» እያላት ነው።