የጥናት መጠይቅና ፈተና ጥራት እንዴት ይፈተሻል?

የመመረቂያ ጽሑፍ ምዕራፍ ሦስት ላይ «ክሮንባክ አልፋው 0.82 ስለሆነ መሣሪያው አስተማማኝ ነው» የሚል ነገር አይጠፋም፤ መሣሪያ የሚባለው መጠይቁ ወይም ፈተናው ነው። ከ0.70 ካለፈ አማካሪውም ዝም ይላል። አልፋ ግን የሚያሳየው ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መያያዛቸውን ነው። አንዱኑ ጥያቄ እየገለባበጣችሁ አሥር ጊዜ ብትጠይቁም ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ከመክፈት በፊት ሥራ አለ።

መጀመሪያ የምትለኩትን በአንድ መስመር ጻፉ፤ ለምሳሌ «የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች የመደመር ችሎታ»። ከዚያ ጋር የማይገናኝ ጥያቄ ይውጣ።

መሣሪያው ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ከሆነ፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። ሁለቱን ስታስተያዩ የተዛባው ቦታ ይታያል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ይመጣል። ከናሙናችሁ ውጭ ያሉ ጥቂት ልጆችን ለየብቻ አስቀምጡ። ጥያቄውን ያንብቡና የገባቸውን በራሳቸው አባባል ይንገሯችሁ። «ሊፍቱ ከ2ኛ ፎቅ ተነስቶ 5 ፎቅ ወጣ፤ ስንተኛ ፎቅ ደረሰ?» የሚለውን እንውሰድ። ሒሳቡ 2 ሲደመር 5 ነው። ሊፍት አይቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ ግን ገና «ሊፍት ምንድን ነው?» ላይ ቆሟል። በቃ፣ የምትለኩት የልጁን ሰፈር ሆነ ማለት ነው። ሊፍቱን በበግ ወይም በብርቱካን ቀይሩት።

ከዚያ በሌላ ትምህርት ቤት ሞክሩት። ሁሉም የመለሰው ወይም ሁሉም የሳተው ጥያቄ ጎበዙን ከደካማው አይለይም። ጎበዞቹ ስተውት ደካሞቹ ካገኙት ደግሞ ቶሎ ብላችሁ የመልስ ቁልፉን እዩ።

ፍትሐዊነት ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የከተማ ልጆች አማካይ ውጤት ስለበለጠ ብቻ ፈተናው አዳልቷል አይባልም፤ የተማሩት ትምህርት ራሱ ተለያይቶ ሊሆን ይችላል። ይልቅ ጠቅላላ ውጤታቸው እኩል የሆኑትን የከተማና የገጠር ልጆች አወዳድሩ። እኩል ችሎታ ይዘው አንዱ ጥያቄ ላይ በሰፊው ከተለያዩ፣ ያ ጥያቄ ይጠረጠራል። ማንቴል-ሄንዜል የሚባለው ስሌት የሚሠራው ይህንኑ ነው። በ30 ልጅ ግን አትሞክሩት፤ ብዙ ሰው ይፈልጋል።

ጥናታችሁ ከአንድ ቋንቋ በላይ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። በ2010 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የተካሄደው ኢግራ የተባለው የንባብ ምዘና በስድስት ቋንቋዎች ነበር። በደቂቃ የተነበበውን ቃል ቆጥሮ አማርኛን ከአፋን ኦሮሞ ጋር ማወዳደር አያስኬድም፤ የአንዱ ጽሕፈት ፊደል፣ የሌላው ላቲን ነው፤ የቃላቱም ርዝመት ይለያያል። ልጁን በዚያው ቋንቋ ከሚያነቡት ጋር አወዳድሩት።